በስሜ የተመዘገቡ አሥራ ስምንት ኮምፒውተሮች

ዳባት ስምንት ዓመት የኮምፒውተር መምህርት ሆኜ ኖሬያለሁ። የመጨረሻዎቹን አራት ዓመታት ግን እግሬ እንጂ ልቤ እዚያ አልነበረም። ባሌ ጎንደር ነው የሚሠራው፤ ልጃችንን የምታሳድጋት አማቴም እዚያው ናት። ዓርብ ክፍለ ጊዜዬን ጨርሼ ሚኒባስ እይዛለሁ፣ እሑድ እመለሳለሁ። መንገዱ ክፍት ከሆነ ማለቴ ነው። በተዘጋ ሳምንት ዳባት ቁጭ ብዬ ስልክ እሞክራለሁ፤ ኔትወርክ ካለ ልጄ «አሎ» ትልና ስልኩን ለአያቷ ትሰጣለች።

ሦስት ዓመት ሲሞላት አንድ ልማድ አወጣች። እሑድ ምሳ እንደተበላ፣ ማንም ሳያዛት፣ መኝታ ቤት ትገባና ቦርሳዬን በሁለት እጇ እየጎተተች አምጥታ በሩ ሥር ታቆምልኛለች። ቤተሰቡ ይስቃል። «እንግዳ መሸኘት የምታውቅ ልጅ» ይሏታል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ከዚያ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ኮሶዬን እስክናልፍ ድረስ ከማንም ጋር አላወራም። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ኩሩ ሴት ናት ሳይለኝ አልቀረም።

ዝውውር በየዓመቱ እጠይቃለሁ፤ በየዓመቱ ይቀራል። በአራተኛው ዓመት ወጣልኝ። ደብዳቤው አጭር ነበር፤ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ክሊራንስ ይዤ ጎንደር ካልቀረብኩ ቦታው ተራ ለሚጠብቅ ሌላ ሰው ይሰጣል ይላል። አንብቤው ባዶ ክፍል ገብቼ አለቀስኩ። የደስታ ነበር።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያልሠራ ሰው ክሊራንስ ምን እንደሆነ ላይገባው ይችላል። ከመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነፃ መሆንህን የሚናገር ወረቀት ነው። እኛ ዘንድ ተጠሪ የሌለው ዕቃ የለም፤ ወንበሩም፣ ሰሌዳውም፣ የተሰበረው የግድግዳ ሰዓትም በአንድ ሰው ስም ተመዝግቧል። ያ ሰው የሚለቀቀው ሌላ ሰው መጥቶ ዕቃውን ዓይቶ በራሱ ስም ሲረከብ ብቻ ነው። በእኔ ስም አሥራ ስምንት ኮምፒውተሮች ነበሩ።

ስለ ኮምፒውተሮቹ ትንሽ መናገር አለብኝ፤ ጥፋቴ እዚያ ላይ ነው። አሮጌ ናቸው፣ በእርዳታ የመጡ። መጀመሪያ ዊንዶውስ ነበር የሚሠሩበት፤ ያውም ደባርቅ ፊልምና ዘፈን በፍላሽ ከሚሞላ ሱቅ የተቀዳ ዊንዶውስ። ተማሪው ከዚያው ሱቅ ዘፈን ያስሞላና ፍላሹን አምጥቶ ይሰካል፣ በማግስቱ አሥራ ስምንቱም ቫይረስ ናቸው። ወር በገባ ቁጥር አጥፍቼ እንደገና እጭን ነበር። አንድ ክረምት ለሥልጠና ሄጄ ሊኑክስ የሚባለውን ሌላ ስርዓት ይዤ መጣሁ። ነፃ ነው፣ ለአሮጌ ማሽን ይቀላል፣ የፍላሹ ቫይረስ አይነካውም። በአንድ ሳምንት አሥራ ስምንቱንም ቀየርኳቸው። ሁለት ዓመት አንዳቸውም አላመሙኝም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ዓመታት የቀራቸው፣ እስክሪብቷቸውን በክር ከኮታቸው ጋር የሚያስሩ ሰው ናቸው። ያን ጊዜ መጥተው በሩ ላይ ቆሙና፣

«ልጄ፣ ዕቃውን ስትቀይሪ ማንን አስፈቀድሽ?» አሉኝ።

«ዕቃውን አልቀየርኩም ጋሼ። ውስጡን ነው የቀየርኩት።»

«ውስጡ የዕቃው አይደለም?»

ሳቅኩባቸው። «በይ ከርእሰ መምህሩ ደብዳቤ አምጪና የንብረት ካርዱ ላይ ላያይዘው» አሉ። ደብዳቤ አያስፈልግም አልኳቸው። ለምን እንዳልኩ ዛሬ ለመናገር ያሳፍረኛል። በዚያ ወር የሥራ አፈጻጸም ምዘና ነበር፤ «ምርጥ ተሞክሮ» ያለው መምህር ነጥብ ያገኛል። በደብዳቤ ከሆነ የትምህርት ቤቱ ሥራ ይሆናል። እኔ የራሴ እንዲሆን ፈለግሁ። ስለዚህ ራሴ አስጨንቄ በእያንዳንዱ የንብረት ካርድ ላይ «በመምህርቷ ተነሣሽነት ወደ ሊኑክስ የተቀየረ» ብለው እንዲጽፉ አደረግኋቸው። አሥራ ስምንት ጊዜ ጻፉት፣ አሥራ ስምንት ጊዜ ፈረምኩበት። ነጥቡን አገኘሁ፤ በስብሰባ ላይም ተጨበጨበልኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው።

የዝውውሩ ደብዳቤ በመጣበት ሳምንት ደባርቅ ካለው የዞኑ ትምህርት መምሪያ አንድ ፍላሽ መጣ። ውስጡ የተማሪዎች ውጤት መመዝገቢያ ፕሮግራም ነው፤ አብሮት ያለው ወረቀት ደግሞ ከእንግዲህ የኮምፒውተር ርክክብ ሲደረግ ማሽኑ ሁሉ ይህን ፕሮግራም የሚያሠራ መሆኑ ይረጋገጥ ይላል። ፍላሹን ሰካሁ። ፕሮግራሙን ለመክፈት ተጫንኩት። ምንም የለም። ሌላውን ማሽን ሞከርኩ። እንደ ድንጋይ ዝም አለ። ፕሮግራሙ ለዊንዶውስ ብቻ የተሠራ ነው።

ያን ጊዜ ገና አልደነገጥኩም። በአንዱ ላይ ዊንዶውስ መልሼ እጭናለሁ አልኩና ማሽኑ የሚችለውን አሮጌውን ዊንዶውስ ጫንኩ። ፕሮግራሙ «አዲስ ዊንዶውስ ያስፈልገኛል» አለኝ። አዲሱን ጫንኩ። ማሽኑ ተነሥቶ ለሥራ እስኪዘጋጅ ሃያ ደቂቃ ፈጀ፤ ፕሮግራሙን ስከፍት ማሽኑ ጭራሽ ጠፋ፤ ሊኑክሱን መልሼ ጫንኩበት። እንግዲህ በአንዱ በር ማሽኑ አይገባም፣ በሌላው በር ፕሮግራሙ አይገባም። እኔ መሀል ቆሜያለሁ።

የርክክብ ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፦ ምክትል ርእሰ መምህሩ፣ የንብረት ክፍሉ ጋሼና እኔን የምትተካው መምህርት። ተተኪዬ ተማሪዬ የነበረች ልጅ ናት። በእነዚያው ማሽኖች ተምራ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ተመረቀች፣ መጀመሪያ የተመደበችው ተመልሳ እኛ ዘንድ ሆነ። አሁንም «ቲቸር» ነው የምትለኝ። ኮሚቴው ከአንድ እስከ አሥራ ስምንት እየተዘዋወረ ፍላሹን ሰካ። ጋሼ አሥራ ስምንት ጊዜ «አይሠራም» ብለው ጻፉ።

«ይሠራሉ» አልኩ። «ተማሪ ይጽፍበታል፣ ይስልበታል፣ ፕሮግራም ይማርበታል። ፕሮግራሙ ነው እነሱን የማያውቃቸው።»

ምክትሉ ካርዱን አገላበጠ። «እዚህ ላይ የቀየርሽው አንቺ ነሽ ይላል። የቀየረ ሰው ይመልስ እንጂ እኛ ምን እናድርግ?» አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ወደ ርእሰ መምህሩ ሄድኩ፤ ያኔ ያስጨበጨበልኝ እሱ ነው። «ኮሚቴው የወሰነውን እኔ እንዴት እሽራለሁ?» አለኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

ስምንት ቀን ቀርቶኛል።

ፕሮግራሙን የሠራው ድርጅት ስልክ ወረቀቱ ግርጌ ላይ ነበረ። አዲስ አበባ ነው። ኔትወርክ ፍለጋ ትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ወጥቼ ደወልኩ። ድምፁ ወጣት፣ በጣም ትሑት ሰው አነሣ። ሁሉንም ሰማኝ።

«እኛ የታዘዝነው ለዊንዶውስ እንድንሠራ ነው» አለ። «ሌላ ሲስተም ላይ ባይሠራ ኃላፊነቱ ሲስተሙን የጫነው ሰው ነው።»

«የጫንኩት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው…» አለና ጨረሰ። ያሰበው አረፍተ ነገር እዚያ ያለቀ ይመስለኛል።

በማግስቱ ደባርቅ ወጣሁ። ወረቀቱን የጻፈው ባለሙያ ቢሮው ውስጥ አገኘሁት። በትዕግሥት አዳመጠኝና መመሪያውን ከመሳቢያ አወጣ።

«ይኸው፣ ሊኑክስ የሚል ቃል የለበትም። ያልተጻፈ ነገር ላይ እኔ እንዴት እፈርማለሁ?»

«ዊንዶውስ የሚልስ አለበት?»

ገለጠ። ወደ ኋላ ተመለሰ፣ እንደገና ገለጠ። የለም። «እሱማ የታወቀ ነው» አለኝና መመሪያውን መለሰው።

ኢንተርኔት የነበረው ተራራው ላይ ወዳለው ብሔራዊ ፓርክ የሚወጡ እንግዶች የሚያርፉበት አንድ ሎጅ ብቻ ነው። እንግዳ ከቀረ ወዲህ ጠረጴዛዎቹ ባዶ ናቸው፤ አስተናጋጇ አንድ ሻይ ካዘዝኩ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ እንደምችል ነገረችኝ። ሊኑክስን የሚሠሩትና የሚጠቀሙት ሰዎች ችግር ሲገጥማቸው የሚወያዩበት ገጽ ላይ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ መልስ መጣ። ከየት አገር እንደሆነ የማላውቀው ሰው ነው፤ ጨዋ ነው፤ ለትምህርት ቤቱም ለእኔም መልካም ይመኛል። ጥፋቱ ግን የሊኑክስ አይደለም ይላል፤ ፕሮግራሙን የሠሩት ለሁሉም እንዲሆን አድርገው መሥራት ነበረባቸው፣ እነሱን ጠይቂ።

ያናደደኝ ውሸት አለመናገራቸው ነው። ቢዋሹኝ እጣላ ነበር። የአዲስ አበባው ልክ ነው፤ ያላዘዙትን አይሠራም። የደባርቁ ልክ ነው፤ ያልተጻፈ አይፈርምም። ባሕር ማዶ ያለውም ልክ ነው። ሁሉም ልክ ሆኖ ልጄ ግን ጎንደር ናት። ሻዩን ትቼ ወጥቼ ሎጁ ግቢ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

አጠገቤ ፓርኩ ውስጥ ጨነቅ እስከሚባለው ቦታ ድረስ የእንግዳ ጓዝ በበቅሎ የሚያመላልሱ አንድ አዛውንት ነበሩ። ሥራ ከጠፋ ቆይቷል፤ ግን በየጠዋቱ መጥተው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

«ምነው ልጄ፣ የሞተብሽ ሰው አለ?» አሉኝ።

እንዴት እንደማስረዳቸው ጠፋኝ። «አባቴ፣ እናንተ ዘንድ ጓዝ ገደል ቢገባ ማነው የሚጠየቀው?» አልኳቸው።

«እንደሁኔታው ነዋ። በቅሎዋ ብትደነብር ባለቤቷ ነው። መንገድ መሪው በመጥፎ መንገድ ቢወስደን እሱ ነው። ገመዱ ከላላ ያሰረው ነው።»

«ሁሉም ደኅና ሆኖ ቢወድቅስ?»

«እንዲያማ አይሆንም» አሉ። «ሁልጊዜ አንድ ሰው ይገኛል። ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ የነካው ነው።»

ተመልሼ ሎጁ ገባሁና ሊኑክስን ዊንዶውስ የሚያስመስል ማታለያ ፕሮግራም አወረድኩ። የውጤት መመዝገቢያው ዊንዶውስ ውስጥ ያለሁ ይመስለውና ይነሣል ተብሎ ነው። ለመመለስ ስወጣ መኪና የለም፤ ያን ቀንም፣ በማግስቱም መንገዱ ተዘጋ። ደባርቅና ዳባት መካከል ያለውን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ሁለት ቀን አልጋ ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳስበው ነበር። ልጄ ስትደውል ማን እንደሚያነሣላት አሰብኩ፤ ከዚያ እሷ እኔ ጋ ደውላ እንደማታውቅ ትዝ አለኝ።

ዳባት ስገባ አምስት ቀን ቀርቶኛል። ተተኪዬ ክፍሉን ጠርጋ፣ ጀኔሬተሩን አስነሥታ ጠበቀችኝ። ጎን ለጎን ተቀምጠን ጀመርን። በሁለተኛው ቀን ፕሮግራሙ ብቅ አለ። የተማሪዎቹ ስም ባለበት ቦታ ግን ባዶ ሳጥን ብቻ ተደርድሯል፤ ፕሮግራሙ ፊደላችንን አያገኘውም። እሷ ናት መፍትሔውን ያገኘችው፤ የአማርኛ ፊደሉን ፋይል ከስልኳ አመጣችና አስገባች። ሳጥኖቹ ስም ሆኑ። «ቲቸር ይዩት፣ ተከፈተ!» አለች፤ እጄን ያዘችኝ። አሥራ ስምንቱም ላይ አደረግነው። በሦስተኛው ቀን የአንድ ተማሪ ውጤት ሞልተን «መዝግብ» የሚለውን ስንነካ ፕሮግራሙ ራሱን ዘጋ። ደገምነው፣ ዘጋ። በሁሉም ላይ ያው ነው። ይከፈታል፣ ያሳያል፣ አይመዘግብም። ለምን እንደሆነ ሊነግረኝ የሚችለው አዲስ አበባ ያለው ትሑት ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ «እንግዲያው» ብሎኛል።

በመጨረሻው ቀን ኮሚቴው ተሰበሰበ። ምክትሉ የመጀመሪያውን ማሽን ሞክሮ ፕሮግራሙ ሲዘጋ ዓየ። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በኮታቸው ጫፍ ጠረጉና፣

«ይህች ልጅ ልጅ አላት» አሉ በመነጽራቸው እኔን እያመለከቱ። «አንድ መላ አለ። 'ባለበት ሁኔታ' ብለን እንጻፈው።»

ንብረት ክፍል ውስጥ ይህን አነጋገር የማያውቅ የለም። ዕቃው ደኅና ነው አይልም፣ ተበላሽቷል አይልም። የሚያስረክበው ነፃ ይወጣል። የሚረከበው ግን ነገ ማን አበላሸው ቢባል መልሱ በእጁ ፊርማ ተጽፏል ማለት ነው።

ምክትሉ ተስማማ። ጋሼ በእርጋታ ጽፈው ወረቀቱን ወደ ልጅቷ ገፉት። እኔን አላዩኝም፤ እሷን ነው ያዩት። «'ባለበት ሁኔታ' ማለት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አሏት።

እሷ ወደ እኔ ዞረች። «ቲቸር፣ ልፈርም?»

ማስረዳት ነበረብኝ። ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነው። ስምሽ ይገባበታል፣ እኔ የወደድኩት ነጥብ ዕዳው ለአንቺ ይተርፋል፣ ከርእሰ መምህሩ ደብዳቤ ሳትይዢ እንዳትፈርሚ ማለት ነበረብኝ። ያን ደብዳቤ ለመጻፍ ርእሰ መምህሩ ሁለት ቀን ቢፈጅበት የእኔ ቀን ያልፋል። በሩ ሥር የቆመው ቦርሳዬ ታየኝ።

«ፈርሚ» አልኳት።

አሥራ ስምንት ጊዜ ፈረመች። የምትጽፈው እኔ ሰሌዳ ላይ በምጽፍበት አጻጻፍ ነው፤ ከእኔ የለመደችው ነው። ጋሼ ክሊራንሱን ማኅተም አድርገው ሲሰጡኝ «እግዚአብሔር ያግባሽ» አሉኝ። ሚኒባስ ላይ ስወጣ ነፃነት ይሰማኛል ብዬ ጠበቅሁ። እኔ ግን ዕቃ ሰርቆ እንደሚወጣ ሰው ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ ተቀመጥኩ።

ጎንደር ከገባሁ በኋላ በመጀመሪያው እሑድ ምሳ እንደተበላ ልጄ ቦርሳዬን አመጣች። «ዛሬ አልሄድም» አልኳት። አላመነችኝም፤ ቦርሳው እስኪመሽ በሩ ሥር ቆመ። በሁለተኛው እሑድም አመጣችው። በሦስተኛው ቁም ሣጥኑን ከፍታ ዓይታው ብቻ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ረሳችው። አንድ ቀን ሌሊት አንቀላፍታ ሳለ «እማ» ብላ ተጣራች፤ እኔን ይሁን አያቷን ባላውቅም እኔ «አቤት» አልኳት፤ ዝም ብላ ተኛች። ከዚህ የበለጠ አልፈለግሁም።

አዲሱ ትምህርት ቤት ውስጥም ኮምፒውተር አስረከቡኝ። እያንዳንዱን አስከፍቼ፣ እያንዳንዱን ጉድለት በቀይ አስጽፌ ፈረምኩ። የንብረት ክፍሉ ሰው «ጠንቃቃ ነሽ» አለኝ። አመሰገንኩት።

ከወራት በኋላ፣ ልጄ ወለሉ ላይ ሆዷ ላይ ተኝታ በእርሳስ ስትሥል ስልኬ ጮኸ። ተተኪዬ ናት። ሰላምታው ረዘመ፤ ስለ ልጄ ጠየቀች፣ ስለ አማቴ ጠየቀች። ከዚያ ቀስ ብላ ገባችበት። የፕሮግራሙ አዲስ እትም መጥቷል፤ አሁን ጭራሽ አይከፈትም። እሷ ለተጨማሪ ትምህርት ዕድል አግኝታለች፤ ግን ማሽኖቹን ወደነበሩበት ሳትመልስ ክሊራንስ የለም ብለዋታል። የቀራት ስምንት ቀን ነው።

«ማንን ልጠይቅ ቲቸር?» አለችኝ።

«ፕሮግራሙን የሠሩትን ጠይቂያቸው» አልኳት። አፌ ላይ የተዘጋጀ ይመስል ነበር።

«ጠየቅኋቸው። ሲስተሙን የጫነውን ሰው ጠይቂ አሉኝ።»

ከዚያ ዝም አለች። «እርስዎ ነዎት» አላለችም፤ አስተማሪዋ ነበርኩና አትልም። ትንፋሿ ይሰማኛል። ያንን ዝምታ ያወቅሁት ጉብታው ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ስልኩን የያዝኩት በዚያኛው ጫፍ ነበር።

«የጫንኩት እኔ ነኝ» አልኳት። «ካርዱ ላይም አለ። ቅዳሜ ዳባት እመጣለሁ፤ ለኮሚቴው ራሴ እናገራለሁ። ካስፈለገ መልሰው በስሜ ያድርጉት።»

እያለቀሰች አመሰገነችኝ። ስልኩን ስዘጋ ወለሉ ላይ እርሳሱ ብቻ ቀርቷል። ከመኝታ ቤት የሚጎተት ነገር ድምፅ መጣ። ልጄ ዳባት የሚለውን ቃል ሰምታለች። ቦርሳዬን በሁለት እጇ እየጎተተች አልፋኝ ሄደች፣ በሩ ሥር አቆመችው፣ እንዳይወድቅ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። ቀኑ ገና ማክሰኞ ነበር።